ዳማ አልያዝም ያለ ቀን

«ጋሼ አሁኑኑ» ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ሲሚንቶ የሚያስጭን ሰው «መቼ ይደርስልኛል?» ካላቸው «አሁኑኑ!» ነው። ጎማ ከተነፈሰባቸው «አሁኑኑ ይለጠፋል!» ምራታቸው ምሳ ስታቀርብ «አሁኑኑ ጎርሼ ልውጣ!» ሰውየው ሲቀመጡ ያየ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ጡብ፣ ሲሚንቶ፣ የሙሽራ አልጋ፣ የተበላሸ ፍሪጅ፣ በጋሪያቸው ያላመላለሱት ነገር የለም። ጋሪው አንድ፣ ፈረሱም አንድ፤ እሱም ዳማ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ ዳማ ካነከሰ የጋሼ አሁኑኑም ቤት አብሮ ያነክሳል። አንድ ልጃቸው ሩቅ አገር ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ቤቱን የያዙት እሳቸውና የልጃቸው ሚስት ናቸው።

ያን ቀን ጠዋት ፈረሱን ሊያመጡ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ሄዱና ገና በሩ ላይ ክው ብለው ቀሩ። ዳማ አጥር ሊዘል ሞክሮ ኖሮ፣ የአጥር ሽቦ በቀኝ የኋላ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ሁለት ክንድ የሚሆን ትርፍ ሽቦ ከኋላው ይጎተታል። በተራመደ ቁጥር ትርፉ ቁጥቋጦ ይይዝና ጥምጥሙ ይጠብቃል።

ስልክ ተደወለ። የእንስሳት ሐኪሟ በሞተር ሳይክሏ ደርሳ ከአጥሩ ውጭ ቆማ አየችው። ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«አባቴ፣ ሽቦው ጅማቱ ጋ ደርሷል» አለቻቸው። «ጅማቱ ከተቆረጠ እኔም አልሰፋው፣ ሌላም ሰው አይሰፋው፤ ፈረሱ አለቀለት ማለት ነው። እኔ ያለኝ እጄና ፒንሳዬ ነው። ቆሞ ካልተያዘልኝ አልችልም። ደግሞ እንዳይሮጥ! አንድ ሩጫ በሮጠ ቁጥር ሽቦው እየገባ ነው።»

«አሁኑኑ እይዘዋለሁ» አሉ ጋሼ።

ልጓሙን ጃኬታቸው ሥር ከኋላ ደብቀው ገቡ። እንደ ወትሯቸው። «ና የኔ ጌታ፣ ና የኔ አንበሳ» እያሉ እየተለሳለሱ ቀረቡ። ዳማ ግን የጃኬቱን እብጠት ያውቀዋል። ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጥፎ እግሬ አውጪኝ አለ። ሽቦው ከድንጋይ ጋር እየተንኳኳ ተከተለው። ሲቆም እግሩን አንስቶ ይንቀጠቀጣል፤ ደሙ ኮቴው ላይ ይወርዳል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሰፈር መሳቂያ ነበር። ጋሼ አሁኑኑና ዳማ በየማለዳው ግማሽ ሰዓት ሲባረሩ ማየት የፋብሪካው ሠራተኞች ቁርስ ነው። ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም።

ጎረቤታቸው አናጺው ገመድ ይዞ መጣ። ምክር የማያልቅበት ሰው ነው፤ «ጥግ አስይዘን ገመዱን በመሀል እንወጥረዋለን፤ ወዴት ይሄዳል?» አለ። ወጠሩት። ዳማም ወዴት እንደሚሄድ አሳያቸው! በመሀላቸው ተወርውሮ ገመዱን ከእጃቸው አስጥሎ ሲሮጥ፣ ሽቦው ጉቶ ያዘና ፈረሱ በጉልበቱ ተደፋ።  ዳማ እያቃሰተ ተነሳ።

«በቃ!» ብላ ጮኸች ሐኪሟ። «በቃ አልኩ! ትገድሉታላችሁ እኮ!»

ጋሼ አሁኑኑ ላብ በላብ ሆነው አናጺውን «ጣሳውን አምጣልኝ! ገብስ ሙላበት፣ እስከ አፉ ሙላው!» አሉት። መጣ። ጣሳውን ወዝወዝ አደረጉት፤ ገብሱ ሿ፣ ሿ አለ። ዳማ አንዴ ዞር ብሎ አየና ጀርባውን ሰጣቸው።

«ገብስ አይወድም እንዴ?» አለ አናጺው።

«ይወዳል።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ጋሼ ጣሳውን አወረዱ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣ «ጠጠር ነው የማሰማው» አሉ።

«ምን?»

«ጣሳው ውስጥ። ሲመጣልኝ ገብስ ከሰጠሁት እሱን ሲያኝክ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ ጠጠር አደርግበትና አሰማዋለሁ። ሲጠጋ ልጓሙን አስገባለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

አናጺው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አይ አንተ ሰው! ሰው አልበቃህ ብሎ ፈረስ አታለልክ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲባል አልሰማህም?»

ያን ጊዜ ጋሼ ገብሱን በእፍኛቸው ዘግነው፣ «እውነተኛ ነው! ዛሬ እውነተኛ ነው፣ እየው!» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። ለፈረስ! ዳማ አንድ እርምጃ ራቀ። እንደዚያ ያፈሩበት ቀን አልነበራቸውም።

«ከእርስዎ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም?» አለች ሐኪሟ።

«ማንን ያውቃል! አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ!»

ይህን ሲሉ ምራታቸው ከልብስ ስፌት ቤቱ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ እያለከለከች ደረሰች። አናጺው ነው የደወለላት።

«አባባ፣ እኔ ልሞክር።»

«አንቺ ስለ ፈረስ ምን ታውቂያለሽ? ቢረግጥሽ ለልጄ ምን ልበለው?»

«ሌላ ሐሳብ አለዎት አባቴ?» አለቻቸው ሐኪሟ ቆጣ ብላ።

አልነበራቸውም።

ልጓም ሲሰጧት አልፈልግም አለች። ጣሳውንም፣ ገመዱንም። አንገቷ ላይ ካለው ሻርፕ በቀር ምንም ሳትይዝ ገባች። ወደ ፈረሱም አልሄደችም። መንገደኛ ይመስል በአጠገቡ አልፋ፣ ሜዳው መሀል የተጣለ የሲሚንቶ ቱቦ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ከዚያ ማውራት ጀመረች።

«ዳምዬ፣ የዛሬውን ደግሞ ብነግርህ አታምንም» አለች። «አለቃዬ ሃያ ሱሪ አስፈታችኝ። ራሷ ለክታ ራሷ አሳስታ እኮ ነው! ‹እጅሽ ሰነፍ ነው› አለችኝ በሰው ፊት። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።»

ጋሼ አሁኑኑ አጥሩን ጨብጠው ቀሩ። ይህን ወሬ ቤት ውስጥ ሰምተውት አያውቁም። በየምሽቱ «ሣር ላጭድ» ብላ የምትወጣው ለካ እዚህ ነው።

«ባሌም ይኸው ሁለት ወር ሆነው ሳይደውል» አለች። «አባባ እንዳይሰሙ። ይደነግጣሉ።»

ዳማ ጆሮውን አቆመ። አንድ እርምጃ መጣ። ሌላ። ሽቦው ቁጥቋጦ ያዘ። እግሩ ሲሳብ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ጡንቻው ሁሉ ለሩጫ ተወጠረ።  አናጺው «ኧረ የፈጣሪ ያለህ» አለ ድምፅ ሳያወጣ። ምራታቸው አላየችም፤ ወሬዋንም አላቋረጠችም። «ቀስ፤ ማን አባረረህና» አለች ብቻ። ፈረሱ ቆመ። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ሽቦው ከቁጥቋጦው ተላቀቀ። ከዚያ እያነከሰ መጥቶ አፍንጫውን ትከሻዋ ላይ ጣለ። እሷም ቀስ ብላ ሻርፑን አንገቱ ላይ አዞረችው።

ሐኪሟ ፒንሳዋን ይዛ ገባች። ጋሼም በልማድ ተከተሏት። ገና ሲያያቸው ዳማ አንገቱን ወደ ላይ ወረወረ፤ ምራታቸው ተንጠለጠለችበት።

«እርስዎ ይውጡ!» አለች ሐኪሟ። «አባቴ፣ ይውጡልኝ፤ በእርስዎ ምክንያት አያምልጠኝ!»

ወጡ። የገዛ ፈረሳቸው እግር ሲተርፍ ወይም ሲጠፋ ቆመው ማየት እንኳ አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ ፋብሪካው ግንብ አዞሩ። ፒንሳው «ቀጭ» አለ። ፈረሱ አሽካካ። ዝም አለ። «ቀጭ» አለ እንደገና።  ጊዜው አልሄድ አለ።

«ጅማቱ ተርፏል!» አለች ሐኪሟ በመጨረሻ። «ለጥቂት! ወር ሙሉ ሥራ የለም፤ ቁስሉ በየቀኑ ይታጠባል።»

ጋሼ ግንቡን ተደግፈው ቁጭ አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ምራታቸው ፈረሱን በሻርፑ እየመራች ስትመጣ፣ ብድግ ብለው ከዳማ ፈንጠር ብለው በጎኗ ተጓዙ።

«ልጄ ሁለት ወር አልደወለም?» አሏት።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«የአለቃሽንስ ነገር? ለምን አልነገርሽኝም?»

 «አባባ፣ እርስዎ እኮ ወደኛ ሲመጡ ሁልጊዜ የሚፈልጉት ነገር ይኖራል» አለች፤ በቁጣ አልነበረም።

ጋሼ አሁኑኑ ቀድመዋቸው ሄደው የሜዳውን በር ከፈቱ፤ ሁለቱም እስኪያልፉ ድረስ በሩን ይዘው ቆሙ።