ማስታወሻ ያልተጻፈላት መስመር

በመሥሪያ ቤቱ «አስነሺዋ» ይሏታል። ሥራዋም እንደ ቅጽል ስሟ ነው፤ የመድን ድርጅቱ አሮጌ ሲስተም ተነስቶ ሥራ የሚጀምርበትን የማስነሻ ኮድ ትጠብቃለች። ሲስተሙ የራሱ ማሽን የለውም። በሌላ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ፣ ማሽን መስሎ በሚያስተናግደው ፕሮግራም ውስጥ፣ እንግዳ ሆኖ ይኖራል። ኮዱን ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የጻፈው ባሏ ነው። ያኔ ገና እጮኛዋ ነበር፤ ጠረጴዛቸውም ጎን ለጎን።

አሁን እሱ ቤት ነው የሚውለው። ገና በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የመርሳት በሽታ ያዘው። መጀመሪያ ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ፣ ቀጥሎ የሰፈሩ መንገድ፣ ከዚያ የሚስቱ ስም ጠፋው። ቀን ቀን እህቱ ትጠብቀዋለች።

ድርጅቱ አስተናጋጁን ፕሮግራም በአዲስ ሲለውጥ እንግዳው አልነሳም አለ። ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር ይጽፍና ጭጭ ይላል። አስነሺዋ ኮዱን ከላይ እስከ ታች በረበረችው። ጥርጣሬዋ አንዲት መስመር ላይ አረፈ። ባሏ የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ሜሞሪ ላይ ሲዘረጋ አንድ ቦታ ዘሎ ያልፋል። ለምን እንደዘለለ ግን አንዲት ቃል አልጻፈም።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮዱን ወረቀት ላይ አትማ ቤት ከባሏ ጎን ተቀመጠች።

«እስቲ ይህችን እያት» አለችው።

ጣቱን ከየመስመሩ ሥር እየሳበ አነበበ። ፊቱ ፈካ፤ ጠጋ አለችው።

«ጎበዝ ነው» አለ። «አጻጻፉ ጥርት ያለ ነው። እዚህ ጋ ግን ለምን እንደዘለለ አልተናገረም። ኧረ እንዲህ አይደረግም! ለሚቀጥለው ሰው አያዝንም?»

«አንተስ ለምን ይመስልሃል?»

«እኔ ምኑን አውቄው? እርስዎ ሰውየውን ይጠይቁት እንጂ።»

«እርስዎ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ስሟን ከረሳ ከርሟል፤ «አንቺ» ግን እስከዚያች ቀን አልጠፋችውም ነበር።

«ሩቅ ነው እንዴ ያለው?» አላት።

«አዎ፣ ራቅ ብሏል።»

«አይቀየሙት። ረስቶት ይሆናል።»

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ብቻዋን ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። ለካ አሮጌው አስተናጋጅ የትኛው የሜሞሪ ክፍል ነጻ እንደሆነ የሚናገረውን ዝርዝር ለእንግዳው የሚያስቀምጥለት እዚያች የተዘለለች ቦታ ላይ ኖሯል። አዲሱ ደግሞ ቀጥላ ባለችው ላይ፣ ልክ ባሏ ሰንጠረዡን በሚዘረጋበት ያስቀምጠዋል። ስለዚህ እንግዳው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ዝርዝሩን በገዛ እጁ ይደመስሰዋል። የባሏን መስመር ሰረዘች። በምትኩ ዝርዝሩ የት እንዳለ አስተናጋጁን ጠይቆ ከዚያ የሚርቅ ኮድ ጻፈች፤ ምክንያቱንም ከላዩ አብራርታ አስቀመጠች። ሲስተሙ ተነሳ። ቢሮው አጨበጨበ።

«እጅሽ ይባረክ!» አላት አለቃዋ።

አመስግናው መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ድምፅዋ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አመሻሽ ላይ ቤቷ ስትደርስ ባሏ ከሶፋው ብድግ አለላት።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አላት በትሕትና። «ሚስቴ አሁን ከሥራ ትመጣለች።»

እህቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ከንፈሯን ነከሰች። አስነሺዋ ኮቷን ሳታወልቅ ከጎኑ ተቀመጠች፤ እራት እስኪቀርብ ድረስ ሁለቱም በሩን በሩን እያዩ ቆዩ።