ወደ ግራ የተቆለፈ መሪ

ንዋይ ሰው አያስቸግርም። ይሄን የምለው ላመሰግነው አይደለም፤ ችግሩ ራሱ ይሄ ስለሆነ ነው። እዚህ ስደት አገር፣ ዋይት ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖረናል፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት። አንድም ቀን በሬን አንኳኩቶ “አኑዋር፣ ቸግሮኛል” ብሎኝ አያውቅም። ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ስለ ጉልበቴ ይጠይቀኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ስለ ራሱ ስጠይቀው “ጌታ ይመስገን” ይልና ያልፋል። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ሙስሊም። በዚህ ተጣልተን አናውቅም፤ ለመጣላትም ጉልበት ያለው ሰው ነው የሚጣላው።

ሥራው ደም ማመላለስ ነው። በሞተር ሳይክል ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞረ የተቀዳውን ደም ሰብስቦ ላቦራቶሪ ያደርሳል፤ በዝናቡም፣ በዚህ አገር ንፋስም። አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ ከጀርባው ያየው ግን ስድሳ ይለዋል። የዛሬ ሦስት ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ የሻረግ የምትባል፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ አገባ። አብረው የኖሩት ሃያ ስድስት ቀን ነው። እሷን ለማምጣት ከአንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ወር ያልተቋረጠ የደሞዝ ወረቀት ማቅረብ አለበት። ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለቴም መሀል ላይ ሥራው አልቆበት ከዜሮ ተነሥቷል። ይሄኛው ሦስተኛው ነው፤ አምስተኛው ወር ላይ ደርሷል። ሞተሩ መታመም የጀመረው ይሄኔ ነው።

ሕመሙ እንዲህ ነው። ቁልፉን ያዞራል፣ መብራቶቹ ይበራሉ፤ ማስነሻውን ይጫናል፣ ጭጭ። “ቀጭ” የሚል ድምፅ እንኳ የለም። ትንሽ ሲገፋው፣ ወዲህ ወዲያ ሲያደርገው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይነሣል። እንዲህ ያለ ብልሽት ልብ አውልቅ ነው። ሃያ ዓመት በአውቶቡስ ጋራዥ ኤሌክትሪሺያንነት ሠርቻለሁ፤ ጭራሽ የሞተ ነገር ስጡኝ፣ አልፈራም። ሐኪም ሲያይ የሚሻለው በሽተኛ ነው የሚያደክመኝ። በዚህ ምክንያት ንዋይ ሁለት ጊዜ አረፈደ፤ አለቃው ሦስተኛው ላይ እንደሚሰናበት ነገረው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሺፍት ስመለስ ግቢው ውስጥ ሞተሩን ሲገፋ አገኘሁት። አጥንቴ ድረስ ደክሞኛል። አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አፈርኩና ቦርሳዬን አስቀምጬ ጎንበስ አልኩ። የባትሪው ማሰሪያ ትንሽ ላልቷል፤ አጠበቅኩት። ሽቦዎቹን እዚህም እዚያም ነካካሁ። ተነሣ። ንዋይ ችግሩ ይሄ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ይሄ ነው አልኩት። እርግጠኛ አልነበርኩም። መተኛት ነበር የፈለግኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን ሌላ ሰው ነው የለቀመው።

በማግስቱ እሑድ እንደገና ቤቱ ደጃፍ ላይ እንቢ አለው። እኔን ከእንቅልፌ ላለመቀስቀስ ሲል ገፍቶ ገፍቶ ራሱ አስነሣው፤ ክላፋም ወዳለው ቤተ ክርስቲያናቸው ሄደ። እዚያ ለወንድሞች ተናገረ። መጋቢ ሕዝቅያስ ሌሎች አራት ሰዎች ይዞ ወጣና የሞተሩ መቀመጫ ላይ እጅ ጭነው ጸለዩለት። ማስነሻውን ሲጫን ተነሣ። አጥፍቶ ደገመ፣ ተነሣ። ዐሥር ጊዜ ሞከረው፣ ዐሥር ጊዜ ተነሣ። በሚቀጥለው እሑድ ንዋይ መድረክ ላይ ወጥቶ መሰከረ፤ ጌታ ሞተሬን ፈወሰልኝ አለ፤ ጉባኤው እልል አለ። ይሄን የነገረችኝ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ኤልፍነሽ ናት፤ እዚያው ነው የምታመልከው። እኔም ደረጃ ላይ ሳገኘው፣ ባትሪውን ያጠበቅኩት እኔ፣ እልልታው ለሌላ ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀ፤ የሳቀው ግን ጥርሱ ብቻ ነው።

ለካ በመሰከረ ማግስት፣ ሰኞ፣ ሞተሩ እንደገና ተኝቶበታል። ለማን ይናገር? ሕዝብ ፊት ተፈወሰ ብሎ የመሰከረ ሰው፣ ተመልሶ አልተፈወሰም ቢል እምነቱ ያነሰ ይባላል። እንደዚያ የሚለው ሰው ባይኖር እንኳ ራሱ ለራሱ ይለዋል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ መውጣት ጀመረ። ድምፁን እንዳልሰማ ሞተሩን እስከ መንገዱ ጥግ ይገፋዋል። በመስኮት አይቼዋለሁ። ምን ቸገረኝ፣ ራሱ ይምጣ አልኩ። ይሄንንም ሳልደብቅ ልናገር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ኤልፍነሽ በሬን አንኳኳች። የሻረግ ከአዲስ አበባ ደውላላታለች። ባሏ ስልክ ካነሣ ስምንት ቀኑ ነው፤ ሞቶ እንደሆነ እውነቱን ንገሩኝ እያለች ታለቅሳለች። ደሜ ፈላ። በዚህ ጉልበቴ ሦስት ፎቅ ወጣሁ።

ሲከፍትልኝ ጉንጩ ጎድጉዷል። እየጾመ ነበር። ሞተሩ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ።

“ንዋይ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” አልኩት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ቀስ ብሎ አወጣው። ሞተሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድም ቀን እንቢ ብሎት አያውቅም። ሁልጊዜ በመጀመሪያው ይነሣል። የሚተኛው ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ወደ ሥራ ሊሄድ ሲል ነው። ስለዚህ ችግሩ ሞተሩ ላይ አይደለም፤ እሱ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ለየሻረግ ወረቀት ብሎ የጀመረው ሥራ ፈርሷል፣ አሁን ሦስተኛውም እየተደናቀፈበት ነው።

“እግዚአብሔር አታምጣት እያለኝ ነው፣ አኑ። ስንት ጊዜ ይንገረኝ?”

ነገ ከጉባኤ በኋላ ደውሎ ሊያሰናብታት ቆርጧል። ድምፅዋን ከሰማ ልቡ እንደማይችል ስለሚያውቅ ነው ስልክ የማያነሣው። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፦ እዚያ ሁልጊዜ ይነሣል፣ እዚህ አይነሣም። ለሱ ይሄ ኃጢአት ነው፤ ለኤሌክትሪሺያን ግን ማስረጃ ነው። ውረድ አልኩት።

ግቢው ውስጥ፣ ከሥራ ስትገባ እንዴት እንደምታቆመው አሳየኝ አልኩት። አጠፋው፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠመዘዘና ቆለፈው። ከዚህ ሰፈር በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ሞተር ተሰርቋል፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ቤተ ክርስቲያንስ እንደዚህ ትቆልፈዋለህ ወይ አልኩት።

“እዚያ ምን ያስቆልፈኛል? ወንድሞች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ” አለ።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልሱ አፉ ውስጥ ነበር፤ የጠየቀው ሰው ግን የለም።

መሪውን ቀጥ አድርገን አምስት ጊዜ አስነሣነው፤ አምስቴም ተነሣ። ከዚያ ወደ ግራ ቆልፈን ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ከፍቶ፣ መሪው እንደዞረ፣ ማስነሻውን ተጫነው። ጭጭ። የፊት መብራቱ ሥር ያለውን ሽፋን ፈታሁ። ከመሪው የሚወርዱት ሽቦዎች በፕላስቲክ ማሰሪያ ሞተሩ አንገት ላይ ጥብቅ ተደርገው ታስረዋል። መሪው ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ይወጠራሉ። አንዱን በጣቴ ስዳስሰው መሀሉ ላይ ልስልስ አለብኝ፤ ላዩ ደኅና ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ሲወጠር ይለያያል፣ ሲገፉትና ሲነቀንቁት ይገናኛል። ያን ቅዳሜ ስነካካ ተነሥቶልኝ የነበረውም በዚሁ ነው።

ማን እንደዚህ እንዳሰረው ጠየቅኩት። ራሱ ነው። ሥራውን የጀመረ ሰሞን፣ መሪው ላይ የስልክ ቻርጀር ሲያስገባ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ጠፍሮ አሰረው። ለምን ቻርጀር አስፈለገህ አልኩት። ስልኩ ከሰዓት በኋላ እየሞተበት የሻረግ ስትደውል ያመልጠው ነበር። ይሄን ሲለኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የተበጠሰውን ቆርጬ ቀጠልኩት፣ በየድኩት፣ እንዳይወጠር አላልቼ መለስኩት። ወደ ግራ ቆልፈን ሩብ ሰዓት ጠበቅን፤ ተነሣ። ደገምን፣ ተነሣ። ሦስተኛ ጊዜም ተነሣ። ንዋይ አልተደሰተም። የሚደሰትበት አቅም አልነበረውም፤ ሞተሩ እየሠራ አጠገቡ ቆሞ እጁን ይጨብጣል፣ ይፈታል።

“እና ያ ሁሉ ጸሎትስ?” አለኝ።

እሱን መጋቢህን ጠይቅ፣ እኔ የማውቀው ሽቦ ነው አልኩት። ከዚያ ሳስበው ያልነገርኩት ነገር ከበደኝ። መጀመሪያ ቀን ይሄን ሽቦ በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ማጣራት ነበረብኝ፤ እንቅልፍ ስለፈለግኩ ነው ይሄ ነው ብዬህ የገባሁት፣ አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ደክሞህ ነበራ፣ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

“አሁን ደውልላት” አልኩት።

ሞተሩን አጠፋውና ደወለ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ። ንዋይ ሰላምታም አላስቀደመም።

“የሻረግ፣ ሽቦ ነው። ሽቦ ነው የተበጠሰው። እኔ... እኔ ሌላ ነገር መስሎኝ ነው።”

ከዚያ የተናገረችው፣ ስልኩ ጆሮው ላይ ተለጥፎ እያለ፣ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

“ስምንት ቀን ሙሉ ያለቀስኩት ለሽቦ ነው?”

እሷ አንድ ጊዜ በስሙ ጠራችው፣ ደግማም ጠራችው። እሱ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና ወደ እኔ ዘረጋው።

“አኑዋር” አለኝ፣ “ቸግሮኛል።”

እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩና ስልኩን ተቀበልኩት።