ውብዓለም የጀርባ ቦርሳዋን መርጣ ወንዛዬ የወጣችበት ጉዞ

ታላቅ እህቴ ውብዓለም ወገቧን ከታመመች ወዲህ ገበያ መውጣት እንኳ ትታ ነበር። ሐኪሟ ቀስ እያለች እንድትራመድ ሲፈቅድላት፣ «ወንዛዬ ፍል ውኃ በእግሬ ልውጣ» አለችኝ። ብቻዋን አልለቃትም ብዬ ከደብረ ታቦር አብረን ተነሣን።

ወረታ፣ ጠዋት

በአንድ ትከሻ የምታንጠለጥለው ቦርሳ ወገቧን ወደ ጎን ስለሚጎትተው፣ ወረታ ስንደርስ በቀጥታ ገበያ ገባን። ባለሱቁ አቶ ሰይድ ሦስት ዓይነት የጀርባ ቦርሳ አወረዱልን፦ ቀጭን ማንገቻ ያለው የተማሪ ቦርሳ፣ የወገብ ቀበቶ ያለው መካከለኛ፣ ጀርባው ላይ ብረት የገባበት ትልቅ። እኔ ትልቁን አነሣሁ።

«በዚህ የሁለታችንንም ዕቃ እሸከማለሁ።»

«አይሆንም!» አለች ውብዓለም። «እጄን አጣጥፌ ከኋላህ ልጎተት? የራሴን እይዛለሁ።»

ዕቃዋን መካከለኛው ውስጥ ጨምራ አዘለችው፤ ቀበቶውንም ዳሌዋ ላይ አጥብቃ አሰረች።

«ትከሻዎን ቀለለዎት?» አሏት አቶ ሰይድ።

በሱቁ ደጃፍ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰች። «ክብደቱ ዳሌዬ ላይ አረፈ። ይኼው ይሁን።»

ወደ ወንዛዬ

በሚኒባስ እስከ መገንጠያው ሄደን በእግር መሄድ ጀመርን። የፎገራ ሜዳ ሩዙ ደርሶ ቢጫ ሆኗል። የክረምቱ ውኃ በሸሸበት በኩል ከብቶች ለምለም ሣር ይግጣሉ፤ አጫጆች ቀና እያሉ «በርቱ!» ይሉናል። ውብዓለም ለሁሉም እጇን ታነሣለች።

አቀበቱ ላይ ግን ድንገት ቆመች።

«አመመሽ፣ እታለም?»

«ጀመረኝ።»

ቦርሳዋን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ፣ «ተው» አለችኝ። አህያ እየነዳ የደረሰብን ገበሬም፣ «አህያዋ ባዶዋን ናት፤ ልጫንልሽ?» አላት። አመስግናው ጥላ ሥር ተቀመጠች፤ ዕቃዋንም ዘረገፈችው። ለካ የውኃ ጠርሙሶቹን ከውጭ በኩል ስለከተተቻቸው ወደ ኋላ ሲስቧት ኖሯል። ወደ ጀርባዋ አስጠጋቻቸው፤ ልብሱን ከውጭ አደረገች። ትንሽ አርፋ ተነሣችና ጥቂት ተራመደች።

«ምን ቆመሃል? ና እንጂ!»

እሷ ከፊት፣ እኔና ገበሬው ከኋላ፣ እያረፍን ወጣን።

ወንዛዬ

ከሴቶቹ መታጠቢያ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ደረስኩ እኮ» አለችኝ።

ስንመለስ

የጀርባ ቦርሳ ለምትገዙ፦ ዕቃችሁን ሞልታችሁ፣ አዝላችሁ፣ ተራምዳችሁ ምረጡ፤ ክብደቱ ከትከሻ ይልቅ ዳሌ ላይ ይረፍ፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ይጠጋ። እኔ የተማርኩት ግን ሌላም አለ፦ የታመመን ሰው ሸክም መንጠቅ ሁልጊዜ እርዳታ አይደለም።

ደብረ ታቦር ስንገባ ጎረቤቷ ልትጠይቃት መጣች። «ለመሆኑ ያን አቀበት በምን ወጣሽው?»

ውብዓለም ጫማዋን እያወለቀች፣ «በእግሬ» አለቻት።