እሳት የሌለበት ሥራ

እሳት ካልነደደበት ሥራ የማይመስላቸው ሰዎች አሉ። የልብስ ሰፊዋ ወንድምና እህት እንዲህ ናቸው። ቤተሰቡ እሷ ቤት በተሰበሰበ ቁጥር «እታለም፣ ምንም አትልፊ፤ ያቺን ክሬም ያላትን የፍራፍሬ ሰላጣሽን ብቻ ሥሪልን» ይሏታል። ምድጃ እንኳ አትፈልግም እኮ፣ ብለውም ይጨምራሉ።

ምን ታድርግ፣ ትሠራለች። ዛሬ ግን የምትለው ነገር አላት። እናታቸው እግሯ ከተያዘ ወዲህ የምታነሳትም የምታጥባትም እሷ ብቻ ናት፤ እጆቿ ደግሞ ከድተዋታል። በቀደም እማዬን ስታነሳ አመለጠቻት፤ አልጋው ላይ ባትወድቅ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ስለዚህ ዛሬ «ተካፈሉኝ» ልትል ቆርጣለች። ስትቆርጥ ደግሞ የመጀመሪያዋ አይደለም። ቃሉ አፏ ላይ ሲደርስ አንዱ ሳህኑን ዘርግቶ «ጨምሪልኝ» ይላታል፤ ነገሩም ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይቀራል።

ክሬሙን ከማቀዝቀዣ አወጣችው፤ ካልቀዘቀዘ ቢመቱትም ወፍሮ አይቆምም። የአናናሱን ቆርቆሮ በጉልበቶቿ መሀል ይዛ ከፈተች። ትኩስ አናናስ አይሻልም ወይ የሚላት አይጠፋም፤ ትኩሱ ክሬሙን እንደሚያመርረው የሚያውቀው ግን የሠራ ሰው ነው። ማንጎውንና ፖሙን ከተፈች። ክሬሙን በሹካ መምታት ስትጀምር አውራ ጣቷ ሥር ነደደ። እሳት የለበትም የሚሉ መጥተው ይዩት! ጥቂት ትመታለች፣ እጇን ብብቷ ሥር ወሽቃ ታርፋለች፣ ደግሞ ትመታለች።

ሙዙ እንዳይጠቁር መጨረሻ ላይ ነው የሚከተፈው፤ ሎሚም ይፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባላል፤ እሷን አንዷም አቃተቻት። ጠረጴዛው ላይ በክርኗ ተጭና ጨመቀቻት። ደክሟታል። ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን ብቻዋን መድከሟ ነው።

ከምሳ በኋላ ሰላጣው ዞረ። አስተማሪው ወንድሟ ሳህኑን በማንኪያ ጠራርጎ ሲያበቃ፣ ከልቡ፣ ሰው ሁሉ እንደሚመርቀው መረቃት።

«እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፣ እታለም።»

«ነክቶታል» አለች።

ሳቁ። ታናሽ እህቷማ የምትቀልድ መስሏት ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት። ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ያበጡትን አንጓዎች፣ አልታጠፍ ያለውን አውራ ጣት አዩ፤ ሳቁም ቆመ።

«እማዬን ማንሳት አልቻልኩም። በቀደም ልጥላት ነበር። ከእንግዲህ ተራ እንግባ።»

እህቷ አቀረቀረች። ወንድሟ የመንገዱን ርቀት፣ የተማሪዎቹን ፈተና፣ የቤቱን ጥበት መደርደር ጀመረ። ገና ሳይጨርስ እማዬ ከመኝታ ክፍል ተጣራች፤ ድምፃቸውን ሰምታ እነሱ ዘንድ መቀመጥ አምሯታል። ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ ብድግ አለች፤ ከዚያ መልሳ ተቀመጠች። ወንድሟን አየችው። ወዲያ ወዲህ ቢል ሌላ የሚነሳ የለም፤ ተነሳ።

ብዙ ቆየ። እማዬን አቅፎ ብቅ ሲል ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሶፋው ላይ አስቀመጣት፣ ትራስ ደገፍ አደረገላት፣ ከዚያ ወገቡን ይዞ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ትከብዳለች?»

«አሁንማ ከስታ ነው» አለችው።