ከረጢቱን የምታናግረው ሴት

ጤና ጣቢያው ጉልበቴን አይቶ መካነ ሰላም ወደተከፈተው ስፖርት ቤት ከላከኝ ወዲህ ዓይኔ አንዲት ሴት ላይ አርፏል። ስሟን አልጠየቅኋትም። ጥቁር አባያዋን አትለቅም፤ ከሥሩ ሰፊ የወንድ ስኒከር ታደርጋለች።

አሰልጣኙ የአሸዋ ከረጢት ሲያስነሳን እኛ እንጎትታለን። እሷ ግን ተንበርክካ አንድ እጇን ከሥሩ ታስገባለች፤ በሌላው ጀርባውን ትደግፋለች። "ቢስሚላህ፣ ሹዋይ ሹዋይ፣ ማማ" ትለዋለች፤ ቀስ በይ ማለቷ ነው። ስታስቀምጠውም አቧራውን ታራግፍለታለች።

"ኧረ ልጄ፣ ዛሬም አልመለሰልሽም?" አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። "ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ከአልጋ የማነሳቸው አሮጊት ካላናገርኳቸው ይቆጡ ነበር፣ እናቴ። ለምዶብኝ ነው።"

የወገብ ሕመሙንም ይዛ የመጣችው ከዚያው ነው። ጡት ሳትጥል ትታት የሄደቻት ልጇ አሁን "እዘይኝ" እያለች ታለቅስባታለች፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደግሞ ወገብሽ ሳይጠነክር አይሆንም ብላታለች።

ነርሷ ማክሰኞ ማክሰኞ ስፖርት ቤቱ ድረስ መጥታ ታየናለች። ዛሬ ሴትዮዋን ጎንበስ ቀና አስደርጋ፣ "በይ እንግዲህ፣ ለትንሽ ጊዜ እዘያት" አለቻት።

እልል አልን። በር ላይ ስትጠብቃት የነበረችው ልጇ ሮጣ መጣች። ማዘያ ቢጠፋ ነጠላዬን አቀበልኳት። ልጅቷ አድጋ ኖሮ እግሮቿ ተንጠለጠሉ።

"ቢስሚላህ፣ ሹዋይ ሹዋይ" አለች እናት ስትነሳ።

"እሺ፣ እማ" የሚል ድምፅ ከጀርባዋ መለሰላት።