በቁሜ ሞቴን የጠራው ይማም

ዛሬ ጠዋት ይማም ሞተ አሉኝ። ከኮምቦልቻ የደወለችው ልጁ ናት። «ጋሽ ሰይድ፣ አባቴ አረፈ» ስትለኝ «ስልኩን ለሱ ስጪው፣ ይህን ውሸቱን አውቀዋለሁ» አልኳት። አለቀሰች። ጆሮዬ ያኔ አመነ፤ ልቤ ግን እስካሁን አላመነም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ተናጋሪው እኔ ነኝ፣ ጸሐፊዋ ልጄ ናት። አሳምሪው አላልኳትም፤ እንዳልኩት ጻፊው ነው ያልኳት።

ይማም እዚህ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ የቅሬያችን፣ የእድራችን፣ ጠሪ ነበር። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቶ «እገሌ ሞቷል፣ ውጡ!» ብሎ ሰፈሩን ለቀብር የሚያስወጣው እሱ ነው። ማይክ አያውቅም። ድምጹ ገደል ይሻገር ነበር። እሱ ጠርቶ የሚቀር ሰው የለም፤ ከጎረቤቱ ቀብር የቀረ የራሱን ማን ይቀብርለታል?

ከዓመታት በፊት አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ከቤቶቹ በላይ ያለው መሬት ተሰነጠቀ። ይማም ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል ተክሎ በየቀኑ በስንዝር ይለካ ጀመር። በየቤቱም እየገባ «ወረቀታችሁን በፌስታል ቋጥሩ፣ ጫማችሁን በር ላይ አድርጉ። ጫማ ስትፈልጉ እንዳትሞቱ!» ይላል። ሁሌ ይህችው ናት ቃሉ። ሰው ሳቀበት። እኔም «ይማም የመሬት ሐኪም ሆነ» ብዬ ስቄበታለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ችካሎቹ ክፉኛ ተራርቀው አገኛቸው። ውጡ ቢል ማን ይውጣለት? «በዚህ ዝናብ ልጅ ይዤ የት ልሂድ?» አሉት። ጉብታው ላይ ወጣና ጠራ።

«ሰይድ ሞቷል! ሰይድ ቤት ውጡ!»

ሰይድ እኔ ነኝ። ቤቴ ከገደሉ ማዶ፣ አለት ላይ ነው። የመረጠኝ ለዚያ ነው።

ውዱእ እያደረግኩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እያለቀሰ ግቢዬ ገባ። አንዷ ቆሜ ብታየኝ «ቢስሚላህ!» ብላ ወደቀች። እኔ ነደድኩ።

«አንተ ይማም! በቁሜ ገደልከኝ?»

«አዎ ገደልኩህ። እስኪ ለአንድ ሰዓት ሙትልኝ ሰይዶ፣ ምን ይጎድልብሃል?» አለና የግቢዬ የፊት በር ላይ ዱላውን አጋድሞ ቆመ። «ማንም አይመለስም! መሬቱ ሊሄድ ነው!»

የጓሮ በር እንዳለኝ አላሰበም።

አሁን የምናገረውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ልጄ እጇን አቆመች። ጻፊ አልኳት።

ከስንጥቁ በታች ያለችው ጎረቤታችን ዘሃራ ዘግይታ በጓሮ በኩል መጣች። «ውይ ጋሽ ሰይድ፣ አሉ እንዴ! ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት፣ ልቆይ ወይስ ልሂድ?» አለችኝ። በሰው ፊት መሳቂያ ሆኛለሁ፣ ደሜ ፈልቷል። «የውሸታም ጥሪ ነው። ወጥሽ ሳያርብሽ ሂጂ» አልኳት። እየሳቀች ሄደች። ይማም ቁልቁል ስትወርድ አያት። «ዘሃራ! ኧረ ዘሃራ!» ብሎ ጮኸ። ያን የመሰለ ድምጽ ዝናቡ በላው።

ብዙም ሳይቆይ መሬቱ ተናደ፤ ድምጹ ድንጋይ የጫነ መኪና ሲገለበጥ እንደሚሰማው ነበር። ከዚያ ቤቶቹ የነበሩበት ቦታ ጭቃ ብቻ ሆነ። ግቢዬ ያለው ሰው ሁሉ ተረፈ። ዘሃራን በሦስተኛው ቀን አወጣናት።

ቅሬው ተቀመጠ። «ሁሉን ይዘህ እሷን እንዴት ለቀቅካት?» አሉት። ይማም ቀና ብሎ አየኝ። ከኔ ጓሮ ስትወጣ አይቷታል። ከዚያ «ከእጄ አመለጠችኝ» አለ። ለቀቅካት ብለው፣ በሐሰትም ሞት ጠርተሃል ብለው ጠሪነቱን ወሰዱበት። እኔ ዝም አልኩ። በሸንጎ ፊት ጥፋተኛ ተብዬ የማላውቅ ሰው ነኝ።

የሱም ቤት ጭቃው በልቶት ነበርና ወደ ልጁ ኮምቦልቻ ወረደ። እዚያም በቦርከና ወንዝ ዳር ያሉትን ቤቶች እያንኳኳ ጫማችሁን በር ላይ አድርጉ ይል እንደነበር ሰምቻለሁ። የደሴ ሰው ሲያገኝ «ሰይድ አሁንም አልሞተም?» ብሎ ሰላምታ ይልክብኛል። ሚኒባስ ብሳፈር ደርሼ እመለስ ነበር። አልሄድኩም። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ይማም፣ አሁን ይዘውህ የሐረጎን ዳገት እየወጡ ነው። ከአስር ሶላት በኋላ እንቀብርሃለን። ቅሬው ሁሉ ይመጣል፣ የዘሃራም ልጆች ይመጣሉ። አፈር ሳትለብስ እነሳና «እናታችሁን የመለስኳት እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። ይህን ልጄ በስልኳ ስትለጥፈው ያነበበ እዚያም መጥቶ ከአፌ ይስማኝ። ከፈለጉ ከቅሬው ያውጡኝ፣ ቀባሪም ልጣ።

ይህን ሁሉ ዓመት የኔን ተሸክመህ ኖርክ። በቃህ፣ አውርድ። አፉ በለኝ ወንድሜ። ቀብርህን አላህ ያስፋልህ፤ ቀለል ብሎህ ሂድ።