እስከ መስመሩ መጨረሻ

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው ሁሉ «ተይው፣ ያለፈ አልፏል» ይለኛል። ለእነሱ አልፎላቸዋል።

የሰፈራችን እድር ሰው ሲሞት በጡሩምባ ነበር የሚያስለፍፈው። ጡሩምባ ነፊው በየቅያሱ ቆሞ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል፤ በደንብ ያልሰማ ከግቢው ብቅ ብሎ «የት አልክ?» ሲለው ይደግምለታል። ሰውየው አርጅቶ ሲተወው ሰብሳቢያችን የእህታቸውን ልጅ አመጡልን። ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ ጎረምሳ ነው። ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ጻፈ፦ ጸሐፊው መልእክቱን ፋይል ላይ ያሰፍራል፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ አንድ አንድ መስመር እያነበበ ለአባላት ስልክ ይልካል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የእኔም እንጀራ ኮድ መጻፍ ነው። ሥራውን ሲያሳየኝ ለአንድ መስመር የሰጠው ቦታ ሁለት መቶ ባይት ሆኖ አገኘሁት። ለእንግሊዝኛ ይበቃል፤ አንዱ ፊደል አንድ ባይት ነው የሚይዘው። የእኛ አንድ ፊደል ግን ሦስት ይፈጃል።

«ስልሳ ምናምን ፊደል ላይ ይቆርጥብሃል» አልኩት። «ካነበብክ በኋላ መስመሩ አልቋል ወይ ብለህ ጠይቅ። ካላለቀ ቀጥለህ አንብብ።»

ሳቀብኝ። «እህቴ፣ በእንግሊዝኛ ሞክሬዋለሁ፣ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው። ትርፍ ካለ ደግሞ እንዲጥለው አድርጌዋለሁ።»

እንዲጥለው! ስብሰባ ላይ ተነስቼ ላስረዳ ስል ሰብሳቢው ከአፌ ነጠቁኝ። «ልጄ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ማክበድ ትወጃለሽ፤ ልጁን አታቀዝቅዢብን» አሉና አስጨበጨቡለት። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ስለ ባይቱ ምንም አልገባትም፤ ያናደዳት ሌላ ነበር። «ሰው ሲናገር እኮ ያስጨርሱታል! ምን ዓይነት ነገር ነው?» አለች። እኛ ቤት ልጅም ቢሆን ጀምሮ ሳይጨርስ አይቋረጥም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች አጫጭር ነበሩ። «እሁድ ስብሰባ አለ።» «መዋጮ ያልከፈላችሁ ክፈሉ።» ሁሉም በደንብ ደረሱ። ሰብሳቢው መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ይኸው ይሠራል አይደል?» ይሉኛል። እኔም ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ።

እናቴ ከቀብር የምትቀር ሴት አልነበረችም። በክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ በማይታጠፍ ጉልበቷ፣ ምርኩዝ እየተደገፈች ትሄዳለች። «ምን አለበት ብትቀሪ?» ስላት ትቆጣኛለች። ለቅሶ ቤት «ቀባሪ አያሳጣሽ» ብለው ሲመርቋት፣ ለሌላው ምርቃት ዝም ብላ «አሜን» የምትለው ሴትዮ ለዚህኛው ከመቀመጫዋ ብድግ ትል ነበር። ከፈጣሪ የምትለምነው አንድ ነገር ይህ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ሆስፒታል ገብታ ማለዳ ላይ አረፈች። የሰፈራችን ሰው አብዛኛው የሚቀበረው ታች ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሷ ግን ዳገቱ ላይ ቁስቋም ማርያም፣ አባቷ አጠገብ እንድናሳርፋት ተናዝዛለች። ይህንኑ ለእድሩ ጸሐፊ አስነግረን አስከሬኗን ከሆስፒታል በቀጥታ ወደዚያ ወሰድነው። ስልኬን ዘግቼዋለሁ። ፍትሐቱ ሲያልቅ ቄሱ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሰው ይመጣል ወይ?» አሉኝ።

«ይመጣል አባ፣ የእድሩ ሰው በሙሉ ይመጣል» አልኩ። ቁልቁለቱን እያየሁ ቆምኩ። ማንም የለም። ቄሱ ጠበቁ፣ ጠበቁና «ከዚህ በላይ አንችልም» አሉ።

ከሰፈሩ የመጣው በራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሙስሊም ጎረቤታችን ብቻ ነበር። መልእክቱ ግራ ቢያጋባው ቤት ድረስ ሄዶ ድንኳን ሊያስተክል የቀረውን ወንድሜን ጠይቆ፣ ሱቁን ዘግቶ አብሮት መጣ። ሳጥኑን ከወንድሜና ከአጎቴ ጋር ተሸክሞ «ሰዉ የት ሄደ?» አለኝ። እናቴን በጣት በምንቆጠር ሰዎች ቀበርናት።

ሰዉማ ታች ቤተ ክርስቲያን ነበር! ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ የማይመጣ መኪና ሲጠብቅ ዋለ። ማታ ድንኳን ውስጥ ስልካቸውን አሳዩኝ። ስሟ ከነአባቷ ከነአያቷ አለ፣ ማረፏ አለ፣ «ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በ» ይልና ያልቃል። ሰው እንደ ልማዱ ታች ወረደ። ምን ያድርግ?

በሁለት ሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። በእድራችን ደንብ ከቀብር የቀረ መቀጫ አለበት። ሰብሳቢው ቆሙና «ስህተቱ የማሽን ስለሆነ ማንም አይቀጣም። ነፍስ ይማር። ወደሚቀጥለው ጉዳይ እንለፍ» አሉ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «አሁን አንድ ሺህ ባይት አድርጌዋለሁ» አለ። አንድ ሺህ! አሁንም አልቋል ወይ ብሎ አይጠይቅም!

የማሽን? ማሽኑማ ያዘዙትን ነው ያደረገው። ተነሳሁ።

«ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ተቀመጪ» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ዛሬስ ያስጨርሱኛል!» አልኳቸው። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ጸሐፊው ፋይሉ ላይ የጻፈውን መስመር ሙሉውን ይዤው ነበር፤ ከስሟ ጀምሬ አነበብኩት። «…ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በቁስቋም ማርያም ስለሚፈጸም፣ አባላት በሙሉ ተገኝታችሁ እንድትቀብሯቸው እናሳስባለን።»

አንድም ሰው አላቋረጠኝም። ሁሉም ሰሙ፣ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ አወቁ። እናቴ ግን ከተቀበረች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር።